ነዳጅ ሲሰጡት የሚያቅማማ፣ ሲያቆሙት የሚጠፋ፦ በአሮጌ መኪና ካርቡሬተር ላይ ችግር ፍለጋ

በአንድ ወር ውስጥ አንድን ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ ገጥሜያለሁ። መኪናው በሚኒሞ፣ ማለትም ፔዳል ሳይረገጥ፣ እንደ ሰዓት ይሠራል፤ ፔዳሉን ረገጥ ሳደርገው ግን ያስላል፣ ይንገዳገዳል፣ አንዳንድ ጊዜም መስቀለኛ መንገድ መሃል ድርቅ ብሎ ይቀራል። ካርቡሬተር ነው ብዬ ስለ ወሰንኩ ከካርቡሬተር ሌላ የሚታየኝ ነገር አልነበረም። ጄቶቹን (ነዳጁን የሚለኩትን ባለ ቀዳዳ ቡሎኖች) አጸዳሁ፣ ጓርኒሲዮኖቹን ቀየርኩ፣ የማፋጠኛ ፓምፑን ሜምብራና በአዲስ ተካሁ፤ መኪናው እንደ ነበረ ነው። በመጨረሻ ጥፋቱ የተገኘው ብልጭታውን ለየሲሊንደሩ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ፣ ከትንሽ ጣት በማትረዝም አንዲት ሽቦ ላይ ነው። የላይኛው ልባሷ ደህና ነው፤ ውስጧ ያለው መዳብ ግን ተበጥሷል። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የተበጠሱት ጫፎች ይነካካሉ። ነዳጅ ስሰጠው ቫኪዩሙ (የሞተሩ የመሳብ ኃይል) ፑንቲናው፣ ማለትም ብልጭታውን የሚቆጣጠረው ከፋችና ዘጊ፣ የተቀመጠበትን ሳህን ያዞረዋል፣ ሽቦዋ ትወጠራለች፣ ጫፎቹ ይለያያሉ፣ ብልጭታው ይቋረጣል። ውጤቱ ከካርቡሬተር ማቅማማት በምንም አይለይም።

ከዚያ ወዲህ ካርቡሬተር የምፈታው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተልም የተደረደረው በዚያው ሐሳብ ነው፦ መጀመሪያ ምንም ሳይፈታ የሚታወቀው፣ ቀጥሎ በቀላሉ የሚፈታው፣ በመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ አንጥፎ የሚሠራው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው ለአሮጌ መኪና ባለቤቶች ጭምር ነው።

መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት፦ መቼ ነው የሚያቅማማው?

ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። «መኪናዬ ያቅማማል» ማለት «ሆዴን ያመኛል» እንደ ማለት ነው፤ ሐኪም ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መኪናውን ያውጡና ጥፋቱ የሚመጣበትን ሰዓት ይጠብቁት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ወይስ የሞቀ? ፔዳሉን ድንገት ሲረግጡ ነው ወይስ ቀስ ብለው ሲጫኑ? ዳገት ላይ ነው፣ ፍሬን ሲይዙ ነው፣ ወይስ ሲታጠፉ? ከተነሱ በስንተኛው ደቂቃ?

መልሱ ግማሹን ሥራ ይጨርስልዎታል። ድንገት ሲረገጥ ብቻ አንድ ጊዜ ተደናቅፎ ከዚያ በደንብ የሚሄድ መኪና የማፋጠኛ ፓምፑን፣ የብልጭታውን ጊዜ የሚያስቀድመውን ቫኪዩም ወይም ሾልኮ የሚገባ አየርን ያስጠረጥራል። ቀስ ተብሎ ሲጫኑት ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ የሚያቅማማ ከሆነ፣ ከሚኒሞ ወደ ዋናው ጄት የሚያሸጋግሩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተደፍነዋል ማለት ሊሆን ይችላል። በዳገት ላይ ወይም በረጅም ጉዞ እየደከመ የሚሄድ ነዳጅ በበቂ አይደርሰውም። መብራት ላይ ሲቆም የሚጠፋ የሚኒሞው መስመር ታሟል። ፍሬን በኃይል ሲያዝ የሚጠፋ ከሆነ በካርቡሬተሩ ጽዋ ውስጥ የነዳጁን ልክ የሚጠብቀው ተንሳፋፊ ከፍታው ልክ አይደለም፤ የፍሬን ማገዣው የቫኪዩም ቱቦ ወይም ሜምብራና ቀዳዳም ያንኑ ያደርጋል። ደህና ሃያ ደቂቃ ተጉዞ የሚጠፋ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ የሚነሳ መኪና ደግሞ ሙቀት የሚያስቸግረው ቦቢና (የብልጭታውን ኃይል የሚያመነጨው ጥቅል) ወይም ኮንደንሰር (ፑንቲናውን ከመቃጠል የሚጠብቀው) አለበት፣ ያለዚያም የነዳጅ ታንኩ አየር ማግኘት ተስኖታል።

አጠፋፉንም ያዳምጡ። ቁልፍ የዞረበት ይመስል በአንድ ቅጽበት ጸጥ የሚል ሞተር በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ነው የተቋረጠበት። እየተንገዳገደ፣ እየሳለ፣ እየደከመ የሚጠፋ ነዳጅ ያጣ ነው። የሞተር ዙር መለኪያ ያለው መኪና ከሆነ ነገሩ የበለጠ ይቀላል፤ ማርሽ ውስጥ ሆኖ መኪናው ገና እየተንከባለለ ሳለ መርፌው በአንድ ጊዜ ዜሮ ላይ ከወደቀ፣ ጥፋቱ ከብልጭታው ወገን ነው። መለኪያው ምልክቱን የሚቀበለው ከቦቢናው ነውና።

ለመሆኑ ለምን ያቅማማል?

የቤንዚን ሞተር አንድ ኪሎ ቤንዚን በሙሉ ለማቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ኃይል በሚፈልግበት ጊዜ ደግሞ ቤንዚኑ ትንሽ በርከት ብሎ፣ ወደ 1 ለ13 ገደማ ሲሆን ይወድዳል። ካርቡሬተር ይህን ድርሻ የሚጠብቀው ያለ ኮምፒውተር፣ አየር በጠባብ አንገት ውስጥ ሲሮጥ ግፊቱ መውረዱን ብቻ በመጠቀም ነው። ችግሩ ፔዳሉ በድንገት ሲረገጥ ይመጣል። አየር ቀላል ስለ ሆነ ወዲያው ይገባል፤ ቤንዚን ግን ከባድ ነውና ይዘገያል። በዚያ ላይ ማኒፎልዱ (ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰው ቧንቧ) ውስጥ የነበረው ቫኪዩም ስለሚወድቅ፣ ተንኖ የነበረው ነዳጅ ግድግዳው ላይ ይረጥባል። ለዚያች ቅጽበት ሲሊንደሮቹ የሚያገኙት አየር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ያቺን ክፍተት እንዲሞላ የተሠራው ማፋጠኛ ፓምፕ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ጥቂት ቤንዚን በቀጭን ጅረት ይተፋል። ስለዚህ ማቅማማት ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የቀጠነ፣ ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም፤ የወፈረ ድብልቅም ሞተርን ያንቃል። ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ካለ ያን ያስቡ። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር ከፍታ ላይ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ድብልቁ ይወፍራል።

አደጋን በተመለከተ አጭር ቃል

ሥራው ቤንዚን፣ ብልጭታና የጋለ ብረት በአንድ ቦታ የሚገናኙበት ነው። ክፍት ቦታ ላይ ይሥሩ፤ ሞተር በዝግ ጋራዥ ውስጥ አያስነሱ። የእሳት ማጥፊያ ከመኪናው ኋላ ሳይሆን እጅዎ በሚደርስበት ያስቀምጡ። ሞተሩ ሲነሳ ፊትዎን ካርቡሬተሩ አፍ ላይ አያድርጉ፤ ወደ ኋላ የሚተፋ ሞተር እሳት ነው የሚተፋው። ካርቡሬተር ውስጥ ከጠርሙስ ቤንዚን እያፈሰሱ ማስነሳት የሚባለውን ልማድ ደግሞ ቅንድቡን ያጣ ሰው ካየሁ በኋላ ትቼዋለሁ።

1. ብልጭታውን ነጻ ማውጣት

በፑንቲና ከሚሠራ መኪና ጋር የኖረ ሰው ሁሉ የሚስማማበት ነገር አለ፦ ካርቡሬተር ነው ከተባለው ጥፋት ብዙው ብልጭታ ሆኖ ይገኛል።

ካንዴላዎቹን ነቅለው በተነቀሉበት ቅደም ተከተል ይደርድሯቸው። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆኑ ደህና ነው። ሁሉም ነጭ ከሆኑ ድብልቁ ቀጥኗል፤ ሁሉም ጥላሸት ከለበሱ ወፍሯል። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ የተለየ ከሆነ ግን ካርቡሬተሩን ከመወንጀልዎ በፊት ያንን ሲሊንደር ይጠይቁት፤ ገመዱ፣ ቫልቩ ወይም ከእሱ አጠገብ ያለው የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል። ክፍተታቸው በአብዛኛዎቹ አሮጌ መኪናዎች ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው።

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ያንሱ። በውስጡ ከእርሳስ ጭረት የሚቀጥን ጥቁር መስመር ካዩ ስንጥቅ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በዚያ በኩል ይሸሻል። ፑንቲናው ሙሉ በሙሉ በተከፈተበት ቦታ ላይ ክፍተቱን ይለኩ። በብዙ ባለ 4 ሲሊንደር መኪናዎች 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ፎልክስቫገን ቢትልም እንደዚያው ነው። አንደኛው ገጽ ላይ ጉድጓድ፣ በሌላኛው ላይ ኮረብታ ከተሠራ ኮንደንሰሩን ይጠርጥሩ። የብልጭታውን ጊዜ የሚያስተካክሉት ክፍተቱን ካስተካከሉ በኋላ ነው፤ ክፍተቱ ሲቀየር ጊዜው አብሮ ይቀየራልና ተገላቢጦሹ ድካም ነው። ጊዜው የዘገየ ሞተር ፔዳል ሲረገጥ ይለግማል።

አሁን ወደዚያች ሽቦ። ክዳኑ እንደ ተነሳ፣ ከዲስትሪቢዩተሩ ጎን ካለችው ክብ ቆርቆሮ ወደ ካርቡሬተር የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ በካርቡሬተሩ በኩል ይንቀሉና በአፍዎ ይሳቡ። የፑንቲናው ሳህን ሲዞር ማየት አለብዎት። ጫፏን በምላስዎ ሲደፍኗት ተጣብቃ መቅረት፣ ሳህኑም ባለበት መቆም ይኖርበታል። አየር እንደ ልብ የሚያልፍ ከሆነ ሜምብራናው ተቀዷል፤ ለማቅማማቱ በቂ ምክንያት አግኝተዋል። ሳህኑ ከዞረ ደግሞ ውስጥ ያሉትን ሁለቱን ሽቦዎች፣ ከፑንቲናው ወደ ውጭ የምትወጣዋንና ሳህኑን ከዲስትሪቢዩተሩ ገላ ጋር የምታገናኘዋን፣ በፒንሳ ጫፍ ቀስ ብለው ይሳቧቸው። ጤነኛ ሽቦ ሲሳብ ይገትራል። የተበጠሰ መዳብ ያለው ግን እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። የእኔዋ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ተለጠጠች፤ የአንድ ወር ሥራዬ ያለቀው በዚያች ቅጽበት ነው።

ሲሞቅ ለሚጠፋ መኪና፣ ጥፋቱ ባለበት ቅጽበት መፈተሽ እንጂ በነጋታው መመራመር ዋጋ የለውም። ትርፍ ካንዴላ መኪናው ውስጥ ይኑርዎት። በጠፋበት ቦታ አንዱን ገመድ ነቅለው ትርፉን ካንዴላ ይሰኩበት፤ ከካርቡሬተሩ አርቀው፣ የብረት ገላውን የሞተሩ ብረት ላይ አስደግፈው ሌላ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር ያድርጉ። ብልጭታው ከሌለ ወይም ደካማና ቢጫ ከሆነ ቦቢናውንና ኮንደንሰሩን ይያዙ። ሰማያዊ ሆኖ ጠሽ ጠሽ ካለ ብልጭታው ነጻ ነው፤ ወደ ነዳጁ ይለፉ።

2. ነዳጁ ይደርሳል?

በቀላሉ ይጀምሩ። መኪናው ሲጠፋ የታንኩን ክዳን ይክፈቱ። እስስስ ብሎ አየር ከሳበ፣ ሞተሩም ወዲያው ከተነሳ፣ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ይህን ሳያዩ ፓምፕ የቀየሩ ሰዎች ቁጥር ቀላል አይደለም።

ቀጥሎ ፊልትሮውንና ቱቦዎቹን ይመልከቱ። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የድሮ ጎማን ያለሰልሳል፣ ይሰነጥቃል፤ ከውስጥ የሚላጠው ጎማም ጥቁር ፍርፋሪ ሆኖ ወደ ካርቡሬተሩ ይወርዳል። ብዙዎች የሚስቱት ከታንኩ እስከ ፓምፑ ያለውን ክፍል ነው። እዚያ ነዳጁ የሚሄደው ተስቦ እንጂ ተገፍቶ ስላልሆነ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ ነዳጅ አያንጠባጥብም፤ አየር ይስባል። መሬቱ ደረቅ ነው፣ ሽታ የለም፣ ሞተሩ ግን ይራባል። ውስጡ የሚታይ ፊልትሮ ከፓምፑ በፊት ለጊዜው ቢያስገቡ አረፋው ሲሮጥ ያዩታል።

የፓምፑን አቅም ለማወቅ ካርቡሬተሩ ጋር የሚደርሰውን ቱቦ ነቅለው ጠንካራ ጠርሙስ ውስጥ ያስገቡ፤ ብልጭታ እንዳይኖር የቦቢናውን ሽቦ ያላቅቁ፤ ረዳትዎ ሞተሩን በማስነሻው ያዙረው። ነዳጁ በየምቱ በኃይል መተፋት አለበት። የሚያንጠባጥብ ከሆነ ወይ ፓምፑ ደክሟል ወይ ከእሱ በፊት የተደፈነ ነገር አለ። በሞተሩ የሚነዳ ፓምፕ ግፊቱ በአብዛኛው ከ0.2 እስከ 0.4 ባር ነው። አንዳንድ ሰው በዚህ ቦታ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ይተክላል፤ ያን ጊዜ ግፊቱ ጽዋው ሲሞላ ነዳጁን የምትዘጋውን የካርቡሬተሩን መርፌ ከመቀመጫዋ ገፍቶ ነዳጁን ያጥለቀልቀዋል፤ ከረሃብ ወደ ቁንጣን መሄድ ነው።

3. ያልተጋበዘ አየር

ከካርቡሬተሩ በታች የሚገባ አየር ሁሉ ድብልቁን ያቀጥናል። ሞተሩን አሙቀው በሚኒሞ ላይ ይተዉትና ጥቂት ውሃ በመርጫ እየረጩ ይዙሩ፤ የካርቡሬተሩን እግር፣ ማኒፎልዱ ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበትን፣ የየቱቦውን ጫፍ። ውሃው ያረፈበት ቦታ ላይ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳንና ገመዶቹን አያርጥቡ፤ አለበለዚያ ሌላ ችግር ፈጥረው እሱን ሲፈልጉ ይውላሉ። ብዙዎች ለዚህ የካርቡሬተር ማጽጃ ይረጫሉ። ይሠራል፤ ነገር ግን ተቀጣጣይ ነው፤ የጭስ ማውጫው ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ሥር ነው።

የፍሬን ማገዣውን ቱቦ በጨርቅ ጠቅልለው በፒንሳ ይቆንጥጡት። ሞተሩ ከተሻለው ጥፋቱ ፍሬኑ ወገን ነው፤ ሳይውል ሳያድር ይጠገን፣ የማሽከርከር ጉዳይ ብቻ አይደለምና። ከዚያ ፔዳሉ የሚከፍተውን የካርቡሬተሩን መዝጊያ የሚይዘውን ዘንግ በጣትዎ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት። ብዙ ዓመት የሠራ ዘንግ ቀዳዳውን ያሰፋል፤ በዚያ በኩል የሚገባ አየር ደግሞ በማንኛውም ቡሎን አይስተካከልም። ዘንጉ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መፍትሔው ቡሽ (የሰፋውን ቀዳዳ የሚያጠብ ቀለበት) የሚያስገባ የቶርኖ ባለሙያ ነው።

የቫኪዩም መለኪያ ካለዎት ይጠቀሙበት። ጤነኛ ሞተር በባሕር ጠለል ላይ በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳሉ። ጸጥ ብሎ ዝቅ ያለ መርፌ የሚሾልክ አየር ወይም የዘገየ ብልጭታ ነው። በየጊዜው ዘለል እያለ የሚወርድ መርፌ ቫልቭን ያስጠረጥራል፤ ያ ከሆነ ካርቡሬተሩን ይተዉት።

4. የቾክ ምስክርነት

እስካሁን ሁሉም ነጻ ከወጣ፣ አንድ ነገር ሳይፈቱ ድብልቁ ቀጥኖ ይሁን ወፍሮ ማወቅ ይችላሉ። በእጅ የሚሳብ ቾክ (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ አየሩን የሚቀንሰው ክዳን) ካለ፣ የሞቀውን ሞተር በሚያቅማማበት መንገድ ላይ ይንዱትና ቾኩን ሲሶ ያህል ይሳቡ። ማቅማማቱ ከጠፋ ድብልቁ ቀጥኖ ነበር። ከባሰበት ወፍሮ ነበር። ቾኩ ራሱ የሚሠራ ዓይነት ከሆነ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩን ትንሽ ፈጠን አድርገው የካርቡሬተሩን አፍ በካርቶን በከፊል ይሸፍኑት፤ ድምፁ ከፍ ካለ ያው መልስ ነው። ይህችን ፈተና ከመለዋወጫ ሁሉ አስበልጣታለሁ። ወፍሮ ከተገኘ ቾኩ በሞቀ ሞተር ላይ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን፣ የአየር ፊልትሮው አለመደፈኑን አይተው ከዚያ ወደ ተንሳፋፊው ይሂዱ።

5. ማፋጠኛው ፓምፕ

ሞተሩን ያጥፉ፣ የአየር ፊልትሮውን ያንሱ፣ ቾኩን ከፍተው ወደ ጉሮሮው በባትሪ መብራት ይመልከቱ። መኪናው ብዙ ቀን ቆሞ ከነበረ ነዳጁ ከጽዋው ተንኖ ሊሆን ስለሚችል፣ መጀመሪያ አስነስተው ያጥፉት። ከዚያ የፔዳሉን ገመድ የሚቀበለውን ክንድ በእጅዎ በቀስታ ያንቀሳቅሱት። የሚፈልጉት ነገር ይህ ነው፤ ክንዱ ገና መንቀሳቀስ ሲጀምር ጅረቱ መጀመር አለበት። በግማሽ መንገድ ላይ የሚጀምር ጅረት ዘግይቷል፤ ያቺ መዘግየት ነች ፔዳሉ ላይ የሚሰማዎት ጉድጓድ። ጅረቱ እንደ ክር የቀጠነና ቀጥ ያለ ሆኖ ወደ ታች መውረድ አለበት እንጂ ጉሮሮው ግድግዳ ላይ መረጨት የለበትም። ሁለት አፍ ያለው ካርቡሬተር ከሆነና ሁለቱም ጉሮሮዎች የሚረጩ ከሆነ ሁለቱም እኩል ይርጩ።

ምንም ካልወጣ አፏ ተደፍኗል ወይም ነዳጁ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምታግደው ትንሿ ኳስ ተጣብቃለች። መጀመሪያ አየር ተፍቶ ከዚያ ነዳጅ ካመጣ ኳሷ አትዘጋም። ዘግይቶ ከጀመረ ፓምፑን ከክንዱ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ልል ሆኗል፤ በብዙ ካርቡሬተሮች ላይ ዳዶ ወይም ሌላ ቀዳዳ አለለት፣ ፓምፑን ቀደም ብሎ እንዲነካው ያስተካክሉ። በቆዳ የሚሠራ ፒስተን ያላቸው ፓምፖች መኪናው ረጅም ጊዜ ሲቆም ቆዳው ደርቆ ይኮማተራል፤ አንዳንዱ ዘይት ውስጥ ሲያድር ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም።

ኤስዩ እና ስትሮምበርግ የሚባሉት ካርቡሬተሮች ግን በአብዛኛው ይህ ፓምፕ የላቸውም። ሥራውን የሚሠራው በላይኛው ጉልላት ውስጥ ያለ ዘይት ነው፤ ፒስተኑ ቶሎ እንዳይነሳ ይይዘዋል፣ በዚያች ቅጽበትም ድብልቁ ይወፍራል። ዘይቱ ካለቀ መኪናው ሲረገጥ ያቅማማል፤ ጥገናውም ክዳኑን ፈትቶ ዘይት መጨመር ብቻ ነው። ፒስተኑን በጣትዎ አንስተው ይልቀቁት፤ ሲነሳ መክበድ፣ ሲወርድ ግን በነጻነት ወርዶ ቀጭ ብሎ ማረፍ አለበት። በስትሮምበርግ ላይ የላስቲክ ሜምብራናውን አውጥተው ወደ ብርሃን ይያዙት፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለች ጭላንጭል ብትኖር እንኳ ሞተሩን ታዳክመዋለች።

ስለ ቢትል አንድ ነገር ልጨምር። ቦሽ 009 የሚባለውን ዲስትሪቢዩተር የገጠሙ ባለቤቶች ስለ ማቅማማት ሲያማርሩ ይኖራሉ። ይህ ዲስትሪቢዩተር ቫኪዩም የለውም፤ ጊዜውን የሚያስቀድመው በሞተሩ ዙር ብቻ ነው። ካርቡሬተሩ ግን ቫኪዩም ካለው ጋር እንዲሠራ የተስተካከለ ነው። ሁለቱ አይግባቡም፤ ጄት በመቀየር የሚያስታርቋቸው አሉ፣ እኔ ግን ቫኪዩም ያለውን መልሶ መግጠም እመርጣለሁ።

6. አሁን ይፈታ

ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ፤ የሚወድቀው ኳስ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። በየደረጃው ፎቶግራፍ ያንሱ። የድብልቁን ቡሎን ከመፍታትዎ በፊት ስንት ዙር ሲገባ እንደሚያርፍ በቀስታ ቆጥረው ይጻፉ፤ አጥብቀው ከቀረቀሩት ጫፉ ይቆስላል።

ክዳኑ እንደ ተነሳ ነዳጁ የሚጠራቀምበትን ጽዋ ሥር ይመልከቱ። ቀይ ዝቃጭ ካለ ታንኩ ዝጓል፤ ታንኩን ሳያጸዱ ካርቡሬተር ማጽዳት ዓባይን በጭልፋ ነው። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ውሃ ገብቷል። ጄቶቹን፣ ማለትም በመሃላቸው ቀጭን ቀዳዳ ያላቸውን የናስ ቡሎኖች፣ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ይያዙ፤ ቀዳዳው ክብና ጥርት ያለ ሆኖ መታየት አለበት። ሽቦ አይክተቱባቸው፤ ናስ ለስላሳ ነው፣ የተቧጨረ ጄት ልኩን ያጣል። በማጽጃ ዘፍዝፈው በታመቀ አየር ይንፏቸው። በሶሌክስና በዌበር ጄት ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት ነው፤ 125 ማለት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩን ከፋብሪካው መመሪያ ጋር ያስተያዩ፤ ከእርስዎ በፊት የነበረው ባለቤት ምን እንዳደረገ አይታወቅም።

ከሁሉ ቀድማ የምትደፈነው የሚኒሞዋ ጄት ናት፤ ቀዳዳዋ ከሁሉ ይጠብባልና። ከእሷ ወደ ታች ወርደው መዝጊያው ጠርዝ ላይ የሚከፈቱትን የመሸጋገሪያ ቀዳዳዎች በደንብ ይንፉ። አንዳንድ ካርቡሬተሮች ቁልፍ ሲጠፋ የሚኒሞውን ነዳጅ የሚዘጋ ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ አላቸው። ቁልፉን ሲከፍቱ ቀጭ ካላለ፣ መብራት ላይ ለሚጠፋው መኪናዎ ሌላ ምክንያት አይፈልጉለት።

ተንሳፋፊውን ጆሮዎ አጠገብ ይነቅንቁት፤ ነዳጅ ከተንቀጨቀጨ ቀዳዳ አለው። የናስ ከሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ቢነክሩት አረፋ እየወጣ ቦታውን ያሳያል። የመርፌዋ ጫፍ ላይ የቀለበት ቅርጽ ያለው ጭረት ካዩ ይቀይሯት። ከፍታውን መመሪያው በሚለው ልክ ያስተካክሉ፤ በዚህ ላይ ግምት አይሠራም። ከፍ ካለ ነዳጁ ሞልቶ ፍሬን ሲያዝ ወደ ጉሮሮው ይፈሳል፤ ዝቅ ካለ በመታጠፊያና በዳገት ላይ ጄቱ ባዶ ይቀራል።

ሲገጥሙ የካርቡሬተሩን እግር ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጠው ይዩት። ዳዶዎቹ ለዓመታት ከልክ በላይ ስለሚጠብቁ ጆሮዎቹ ይጎብጣሉ፣ መሃሉም አየር ያስገባል።

7. ማስተካከል

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይሙቅ፣ ቾኩ ይከፈት፣ የአየር ፊልትሮው ቦታው ላይ ይሁን። መነሻ እንዲሆንዎ የድብልቁን ቡሎን እስኪያርፍ አስገብተው አንድ ዙር ተኩል መልሰው ይክፈቱት። ከዚያ ሩብ ሩብ ዙር እያዞሩ ሞተሩ ከፍ ብሎ የሚሠራበትን ቦታ ይፈልጉ፤ በየመሃሉ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁት። ካገኙት በኋላ ሚኒሞውን መመሪያው ወደሚለው ይመልሱ፤ ለብዙዎቹ በደቂቃ ከ750 እስከ 900 ዙር ነው። በአንዳንድ ካርቡሬተሮች ላይ ቡሎኑ የሚቆጣጠረው አየርን ስለሆነ አቅጣጫው ተገላቢጦሽ ነው።

ቡሎኑን ቢያዞሩትም ሞተሩ ካልሰማ አንድ ነገር ይጠርጥሩ። ሚኒሞው ያስቸገረው ሰው መኪናው እንዳይጠፋበት ሲል የመዝጊያውን ቡሎን ያጠብቃል። መዝጊያው በዚህ ጊዜ ከሚገባው በላይ ተከፍቶ ይቀመጣል፤ የመሸጋገሪያ ቀዳዳዎቹም ለሽግግሩ መቆየት ሲገባቸው ለሚኒሞ መሥራት ይጀምራሉ። መብራት ላይ መጥፋቱ ይቆማል፣ በምትኩ ሲረግጡት ያቅማማል። እንደዚህ ከሆነ መዝጊያውን ወደ ቦታው መልሰው የተደፈነችውን የሚኒሞ ጄት ወይም የሚሾልከውን አየር እንደገና ይፈልጉ።

8. የአየሩ ጠባይ ጥፋተኛ ሲሆን

ሁሉ ነገር ተስተካክሎ በሞቃት ቀን ብቻ የሚያስቸግር መኪና አለ። ሞተሩ ሲጠፋ የጋለው ብረት ጽዋው ውስጥ ያለውን ነዳጅ ያፈላዋል፤ ነዳጁ ጉሮሮው ውስጥ ስለሚንጠባጠብ ከሩብ ሰዓት በኋላ አልነሳም ይላል። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጠው ሳይለቁ፣ ሳያርገበግቡ ያስነሱት። ለዘለቄታው የነዳጅ ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ያርቁ፤ ከካርቡሬተሩ ሥር ሙቀት የሚከለክል ወፍራም ጓርኒሲዮን ያስገቡለት።

ተቃራኒውም አለ። እርጥበት በበዛበት ቀዝቃዛ ጠዋት፣ ውጭው ገና ከዜሮ በላይ ሆኖ ሳለ፣ ቤንዚኑ ሲተን ጉሮሮውን አቀዝቅዞ በረዶ ይሠራበታል። መኪናው ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ይደክማል፣ ይጠፋል፤ ቆሞ አሥር ደቂቃ ሲቆይ የሞተሩ ሙቀት በረዶውን ያቀልጠዋልና ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። ኮፈኑን ወዲያው ከከፈቱ ካርቡሬተሩ ላዩ በላብ ረጥቦ፣ አንዳንዴም ነጭ አመዳይ ለብሶ ያገኙታል። ከጭስ ማውጫው ሞቅ ያለ አየር ወደ ፊልትሮው የሚያመጣውን ሰፊ ቱቦ ይመልከቱ፤ አንድ ሰው በሆነ ዘመን አላስፈላጊ ነው ብሎ አውጥቶ ጥሎት ይሆናል።

ለመጨረሻው ፈተና መጀመሪያ ያቅማማበት በነበረው ዳገት፣ በዚያው ማርሽ፣ በዚያው ፍጥነት ይንዱት፤ ሌላ መንገድ ላይ የተሻለው ቢመስልም አይታወቅም። ዳገቱ አናት ላይ ፍሪሲዮኑን ረግጠው ቁልፉን ወደ ማጥፊያው ቦታ ብቻ ይመልሱ፤ መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን አይንቀሉት። ፍሬኑ ሊከብድ ስለሚችል ጠንከር አድርገው ይዘው ጥግ ላይ ያቁሙት። ሞተሩ በረድ ሲል ካንዴላዎቹን ነቅለው ከመጀመሪያው ቀን ማስታወሻዎ አጠገብ ይደርድሯቸው።